ምዕራፍ አምስት፦ «የእኔ የትኛው ነው?»

የሳይቱ ቢሮ አሮጌ ኮንቴይነር ነበር። በረጅሙ ግድግዳ ላይ ስምንት ኤ3 ወረቀቶችን በፕላስተር አገጣጥሜ የሕንፃውን ስኬጁል ለጥፌአለሁ። ከ400 በላይ ሥራዎች አሉበት፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰማያዊ ባር። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ስለነበር በየጠዋቱ ስገባ ቀና ብዬ አየዋለሁ። አንድ ሰኞ ዋናው ፎርማን ሻያቸውን ይዘው ገቡና ወረቀቱ ፊት ቆሙ። በሕንፃ ሥራ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የተዛነፈ ካሳፎርማ መሬት ላይ ቆመው አራተኛ ፎቅ ላይ ይታያቸዋል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ረጋ ብለው ተመለከቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የእኔ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ላሳያቸው ተነሣሁ። የሦስተኛው ፎቅ ካሳፎርማ አንደኛው ወረቀት ግርጌ ላይ ነው፤ ፌሮው ሁለቱ ወረቀቶች የተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ተቆርጧል፤ የኮንክሪት ሙሌቱ ሌላ ወረቀት ላይ ሄዷል። እኔው የሠራሁትን እኔው ፈልጌ አጣሁት። ስኬጁሉ አልተሳሳተም፤ ቀኖቹ ልክ ናቸው፣ ሥራዎቹም በቅደም ተከተላቸው ተያይዘዋል። ነገር ግን ሊሠሩበት ለሚገባቸው ሰው ምንም አልነገራቸውም።

ያለፉት ምዕራፎች ሥራን ስለ መከፋፈል፣ ስለ ማያያዝና ጊዜውን ስለ መገመት ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ሶፍትዌሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። እዚህ የምናየው ቁጥሮቹ ወደ ሥዕል የሚለወጡበትን መንገድ ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ክፍል ጌጥ አድርጎ ስለሚቆጥረው መጨረሻ ላይ፣ ሪፖርት ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይነካካዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አደርግ ነበር።

ሥራን በመስመር የማሳየት ሐሳብ ኮምፒውተርን በብዙ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1765 የታዋቂ ሰዎችን ዕድሜ በጊዜ ሰሌዳ ላይ በመስመር አሳየ፤ መስመሩ በልደት ይጀምራል፣ በሞት ያበቃል። የልደቱ ወይም የሞቱ ዓመት በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን ሙሉ መስመር አይስልም፤ ነጠብጣብ ያደርጋል። ይህን ነጠብጣብ በጣም እወደዋለሁ። ሰውየው መስመሩ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውንም እንዲናገር ፈልጎ ነበር። ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ በ1896 ለፋብሪካ ሥራ ሃርሞኖግራም የተባለውን ሠንጠረዥ ሠራ፤ ዛሬ ስሙን የምንጠራው ግን የአሜሪካዊውን የሄንሪ ጋንትን ነው። የጋንት ሠንጠረዦች በ1910ዎቹ ተስፋፍተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጥይት ምርትና በመርከብ ግንባታ ላይ ዋሉ። ጋንት የታቀደውን ብቻ ሳይሆን የተሠራውንም በመስመር ያሳይ ነበር። ዛሬ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ውስጥ ሰማያዊው ባር መሐል የምትሄደው ቀጭን መስመር የዚያች የተሠራውን የምታሳይ መስመር የልጅ ልጅ ናት።

በ1957 የዱፖንትና የሬሚንግተን ራንድ ባለሙያዎች ክሪቲካል ፓዝ የምንለውን ስሌት ሲሠሩ አዲስ ነገር መጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ሳይሆን፣ የፕሮጀክቱን ማለቂያ ሳያዘገይ ስንት ቀን ሊዘገይ እንደሚችልም ይታወቃል፤ ይህ ትርፍ ቀን ቶታል ስላክ ይባላል፣ ትርፍ ቀን የሌለው ሥራ ደግሞ ክሪቲካል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በ1984 በዶስ፣ በ1990 ደግሞ በዊንዶውስ ሲወጣ ስሌቱና ሥዕሉ አንድ ስክሪን ላይ ተገናኙ። ችግራችንም እዚያው ጀመረ፤ በእጅ የሚስል ሰው እያንዳንዱን መስመር ሲያሰምር ምን ማለት እንደሆነ ያስብ ነበር፤ እኛ ግን ፕሮግራሙ በነባሪው መልክ የሰጠንን ተቀብለን ወደ ማተሚያው እንልካለን።

ኮምፒውተርዎ ላይ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ካለ ይክፈቱት። በጋንት ቻርቱ በኩል አንዱን ባር ሁለቴ ቢጫኑት ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ የዚያን አንድ ባር ቀለምና ቅርጽ ይቀይሩበታል። አሁን መስኮቱን ይዝጉና ከባሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ሁለቴ ይጫኑ። ሌላ መስኮት ይመጣል፤ «ባር ስታይልስ» ይባላል። በሁለቱ ጠቅታዎች መካከል ያለው ርቀት የጣት ስፋት አይሞላም። አንደኛው ግን ቀለም ቅብ ነው፣ ሁለተኛው ሕግ ነው።

የሕጉ ሠንጠረዥ እንዲህ ይነበባል። በመጀመሪያው ዓምድ የባሩ ስም አለ። ቀጥሎ መልኩ። ቀጥሎ «ሾው ፎር» የሚለው ዓምድ ይህ መልክ ለየትኞቹ ሥራዎች እንደሚሠራ ይጠይቃል፦ ለመደበኛ ሥራ፣ ለክሪቲካል፣ ለማይልስቶን፣ ለማጠቃለያ መስመር፣ ላላለቀ፣ ለዘገየ። ከዚያ «ሮው» አለ፤ አንድ ሥራ እስከ አራት የሚደርሱ ባሮችን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ሊያሳይ ይችላል። በመጨረሻ «ፍሮም» እና «ቱ»፤ ባሩ ከየትኛው ቀን ተነሥቶ የትኛው ላይ እንደሚቆም የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ባር ሁልጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀን ነው ያለው ማንም የለም። ከቤዝላይን (መጀመሪያ ከተያዘው ዕቅድ) መጀመሪያ እስከ ቤዝላይን መጨረሻ ግራጫ ባር ከሥር ቢያስቀምጡ፣ ከላይ ያለው ከሥሩ ምን ያህል እንደሸሸ ያለ አንድ ቁጥር ይታያል። ከሥራው ማለቂያ እስከ ቶታል ስላኩ ድረስ ቀጭን መስመር ቢያወጡ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ትርፍ ቀኑን እንደ ጅራት ይጎትታል፤ ጅራት የሌለው ሥራ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፕሮግራሙ ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይስላል፤ በዝርዝሩ ታች ያለው ሕግ ከላይኛው ላይ ይደርባል። የክሪቲካሉን ቀይ ከመደበኛው ሰማያዊ በላይ ካስቀመጡት ሰማያዊው መጥቶ ይሸፍነዋል፤ እርስዎም «ክሪቲካል ሥራ የለኝም» ብለው ይተኛሉ።

የሕጉንና የቅቡን ልዩነት የተማርኩት ብዙ ዋጋ ከፍዬ ነው። አንድ የሕንፃ ፕሮጀክት ላይ ሥራዎቹን በሙያ ለይቼ ላሳይ ብዬ ባሮቹን አንድ በአንድ ሁለቴ እየተጫንኩ ቀለም ቀባኋቸው፦ የአርማታ ሥራ ሰማያዊ፣ ልስንና ንጣፍ አረንጓዴ፣ ኤሌክትሪክ ቢጫ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ወደደው። ያላወቅኩት ነገር በእጅ የተቀባ ባር ከዚያ በኋላ ሕግ እንደማይሰማ ነው። በየወሩ የደረስንበትን ባስገባሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ከውስጥ በትክክል ያሰላል፤ ባሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይረዝማሉ። ቀለማቸው ግን እኔ የሰጠኋቸው ነው። በሦስተኛው ወር የትራንስፎርመሩ ግዢ ትርፍ ቀኑን ጨርሶ ክሪቲካል ሆነ። በሕጉ ቢሄድ ኖሮ በዚያው ዕለት ቀይ ይሆን ነበር። ቢጫ ሆኖ ቆየ። ሦስት ሰዎች፣ እኔ ጭምር፣ ያንን ወረቀት ለስድስት ሳምንት እያየን ስለ ሴራሚክ ተከራከርን። ሕንፃው አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መብራት ሲጠብቅ የቆየበትን ጊዜ ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም መረጃው ነበረን። ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ በቀለም።

በእጅ የተቀባን ባር ለማዳን በዚያው ትንሽ መስኮት ውስጥ «ሪሴት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ባሩን ወደ ሕጉ ይመልሰዋል። እኔ ሁሉንም መልሼ በሙያ የመለየቱን ነገር በሌላ መንገድ ሠራሁት። ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው የተተዉ ባዶ ዓምዶች አሉት፦ «ፍላግ» የሚባሉ 20 አዎ ወይም አይደለም የሚሉ ዓምዶች፣ 30 የጽሑፍ ዓምዶች፣ 20 የቁጥር ዓምዶች። ፍላግ 1 «ኤሌክትሪክ ነው?» ይሁን። አዎ ለተባሉት ቢጫ የሚያደርግ ሕግ «ባር ስታይልስ» ውስጥ ይጨመራል፤ ከእሱ በታች የክሪቲካሉ ቀይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ ቢጫ ነው፤ ክሪቲካል የሆነ ቀን ቀዩ ይደርብበታል።

ፍላጎቹ ቀመርም ይቀበላሉ፤ ትልቁ አቅማቸው ያ ነው። ቀይ የሆነ ሥራ ብዙውን ጊዜ ለመዳን ዘግይቷል። እኔ ማየት የምፈልገው ሊቀላ ጥቂት ቀን የቀረውን ነው። ስለዚህ ፍላግ 2 ላይ «ቶታል ስላክ ከዜሮ በልጦ ከ10 ቀን ካልበለጠ» የሚል ቀመር እጽፋለሁ፤ ለእሱ ብርቱካናማ ሕግ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ፕሮግራሙ ጊዜን ከውስጥ የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። የ8 ሰዓት የሥራ ቀን 480 ደቂቃ ስለሆነ 10 ቀን 4800 ተብሎ ይጻፋል። 10 ብለው የጻፉ እንደሆነ ለ10 ደቂቃ ነው የጠየቁት፤ ብርቱካናማ ባር አንድም አይወጣም፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም።

ስለ ሌላ መሣሪያም በአጭሩ ልናገር። ትልልቅ የመንገድና የግድብ ፕሮጀክቶች ላይ የሚታወቀው ፕሪማቬራ ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለው፤ እያንዳንዱ ባር የራሱ ማጣሪያና የጊዜ ወሰን ይሰጠዋል፣ መልኩም «ሌይአውት» ተብሎ ይቀመጣል። በነባሪው መልክ የተሠራው ሰማያዊ፣ የቀረው አረንጓዴ፣ የቀረው ክሪቲካል ቀይ ነው። የማይክሮሶፍቱን የለመደ ሰው ሰማያዊውን «የታቀደ» ብሎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ሁለቱንም በሚጠቀም ቢሮ ውስጥ የቀለሙ ትርጉም ተጽፎ ይለጠፍ።

ወደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት እንመለስ፤ ከ2010 እትም ወዲህ የሚጨመር አዲስ ሥራ በነባሪው «በእጅ የሚያዝ» ነው። የእንዲህ ዓይነት ሥራ ባር በቀለሙም በጫፉ ቅርጽም ከሌላው ይለያል። ልዩነቱን አያጥፉት። ከፊቱ ያለው ሥራ ሲዘገይ ራሱ የማይንቀሳቀስ ባር መሆኑን በሥዕሉ ላይ የሚነግረን እሱ ነው።

የእኛ አገር ሰው ከዚህ ሶፍትዌር ጋር የሚጋጨው ከሁሉም በላይ በዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። ውል የሚፈረመው በኢትዮጵያ ቀን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ፕሮግራሙ የበጀት ዓመት የሚጀምርበትን ወር ይጠይቃል፤ ጁላይ ብለን እንመርጣለን። እሱ ግን ከጁላይ 1 ነው የሚቆጥረው፣ የእኛ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ነው። በሥዕሉ ላይ ወደ አዲሱ በጀት የተሻገረ የሚመስል የክፍያ ማይልስቶን በእውነቱ ሰኔ 26 ላይ ሊሆን ይችላል። ከሰኔ 30 በፊትና በኋላ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀላሉ መፍትሔ አንዱን የጽሑፍ ዓምድ ወስዶ የኢትዮጵያውን ቀን መጻፍና በ«ባር ስታይልስ» ታችኛው ክፍል ላይ ከማይልስቶኑ በስተቀኝ እንዲታይ ማዘዝ ነው። ጥቁሯ የአልማዝ ቅርጽ አጠገብ ቀኑ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ቀን በእጅ ከተቀባ ቀለም አይለይም፤ ማይልስቶኑ ሲሸሽ ጽሑፉ ባለበት ይቀራል። ቀመር ይሻላል፣ ቀመሩም አያስፈራም። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ሰው እንደሚያውቀው አራት ዓመት 1461 ቀን ነው፣ ወሩ ሁሉ 30 ነው፣ ትርፉ ጳጉሜን ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ያለውን ብንቆጥር 664 ቀን ነው። ከ1461 ስለሚያንስ እንዳለ ይቀራል። ለ365 ስናካፍለው 1 ደርሶ 299 ይቀራል፤ ዓመቱ 2017 ነው። 299ን ለ30 ስናካፍለው 9 ደርሶ 29 ይቀራል፤ ዘጠኝ ወር አልፎ አሥረኛው ላይ ነን፣ 29 ቀን አልፎ ሠላሳኛው ላይ። 30/10/2017፣ ሰኔ 30። አንድ ቀን ብቻ ያስቸግራል። በአራት ዓመቱ ዙር የመጨረሻ ቀን ላይ 1460ን ለ365 ስናካፍል 4 ይወጣል፣ ዙሩ ውስጥ ግን አምስተኛ ዓመት የለም። ያ ቀን የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ነው፤ ቀመሩ ውስጥ ለብቻው ይጠቀስ።

ከቀኑ ቀጥሎ ክረምት አለ። የአፈር ሥራና የመሠረት ቁፋሮ ከሌላው የተለየ የሥራ ካላንደር ቢሰጣቸው ተገቢ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እንደ ጥር አይሠራም። ሆኖም በጋንት ቻርቱ ጀርባ የሚታየው ግራጫ ጥላ የአንድ ካላንደር ብቻ ነው፤ በጊዜ መስፈሪያው መስኮት ውስጥ የተመረጠው የትኛውም ቢሆን። የቁፋሮው ባር ክረምቱን አቋርጦ ሲረዝም ጥላው ምንም ካላሳየ፣ የሚያየው ሰው ተቋራጩ ተኝቷል ብሎ ይደመድማል። ለአፈር ሥራ ብቻ የሚታተም ገጽ ላይ ጥላውን ወደ ክረምቱ ካላንደር መቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስክሪን ላይ ያማረ ወረቀት ላይ ሌላ ነው። የሳይት ማተሚያ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግራቸው ወንዶችም ጥቂት አይደሉም፣ ብዙዎቹም አይናገሩም። ስለዚህ ክሪቲካሉን በቀለም ብቻ ሳይሆን በጥለትም እለየዋለሁ፤ ሰያፍ መስመር የተሞላበት ባር በየትኛውም ማተሚያ ይታወቃል። ከገጹ ሥር የሚታተመው የቀለም መግለጫ ደግሞ ማንም የማይጠቀምባቸውን ስሞች ሁሉ ይደረድራል። በ«ባር ስታይልስ» ውስጥ ከስሙ ፊት የኮከብ ምልክት ቢያደርጉ ያ ባር ከመግለጫው ይወጣል። የቀሩትንም ስሞች እዚያው በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ «ኖርማል ታስክ» የሚለውን «መደበኛ ሥራ»፣ «ስላክ» የሚለውን «ትርፍ ቀን» ማለት ለምን ይከብደናል?

ከዚያ ሰኞ በኋላ ለፎርማኑ የራሳቸውን ገጽ ሠራሁላቸው። በቀን ማጣሪያ የሚመጡትን ሦስት ሳምንታት ብቻ አስቀረሁ፤ 400ው ሥራ ወደ 31 ወረደ። በሙያ መደብኩት፦ አናጢ፣ ፌሮ ሠሪ፣ ኮንክሪት። ፊደሉን በ«ቴክስት ስታይልስ» አተለቅኩት፣ የሥራዎቹን ስም በአማርኛ ጻፍኩ፣ የጊዜ መስፈሪያውን በቀን አደረግኩ። ስላክም ቤዝላይንም አላስገባሁም፤ እነሱ የእኔ ጥያቄዎች ናቸው። ለአሠሪው ማይልስቶን ብቻ ያለበት አንድ ገጽ፣ ለእኔ ደግሞ ሁሉም ያለበት። ሦስቱም ከአንድ ፋይል የሚወጡ ዕይታዎች ናቸው፤ አንዱ ቀን ሲቀየር ሦስቱም ይቀየራሉ። ዕይታዎቹን «ኦርጋናይዘር» በሚባለው መስኮት በኩል ወደ ቀጣዩ ፕሮጀክት ፋይል መገልበጥ ስለሚቻል ድካሙ የአንድ ጊዜ ነው።

ገጹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። አራተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ምን ይላል? የሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ ድጋፍ ማንሣት፣ ሰባት ቀን?»

«አዎ ጋሼ። ሙሌቱ ባለቀ በሰባተኛው ቀን።»

«ስፋቱን አይተኸዋል? የመሰብሰቢያ አዳራሹ ያለበት ነው እኮ። ባሕር ዛፉን በሰባት ቀን አላነሣም። አሥራ አራት አድርግልኝ።»

ያ ሰባት ቀን ስምንቱ ኤ3 ወረቀቶች ላይ ለሁለት ወር ተለጥፎ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ቆይታ 14 አደረግኩ። እሳቸው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ። የድጋፍ ማንሣቱ ባር አንድ ሳምንት ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ከሥሩ ያለው የግድግዳ ሥራ ተከተለው፣ ጅራቱም አጠረ። ከዚያ በታች ያለው የቧንቧ ዝርጋታ ብርቱካናማ ሆነ።